ቦይለራችሁ የሚያፈሰው ከየት ነው?

ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዲት እናት በጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቦይለሩ ሲያለቅስ አደረ፤ ሳፋ ደቅኜበት ነው ያደርኩት» አሉኝ። ስደርስ ሳሎኑ ውስጥ አዲስ ቦይለር ከነካርቶኑ ቆሟል። ልጃቸው ማታውኑ ሮጦ ገዝቶት ነበር። የድሮው መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ካለችው ትንሽ የናስ ቫልቭ ጠብ፣ ጠብ ይላል። «አብሽሩ እማማ» አልኩና ማሞቂያውን አጠፋሁት፤ ቫልቯን በጨርቅ ጠርጌ ቡና እስኪፈላ ቁጭ አልን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሄጄ አየሁ፤ ጨርቁ ደርቋል። ቦይለሩ አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነበር። አዲሱ ከነካርቶኑ ወደመጣበት ሱቅ ተመለሰ።

«ቦይለሬ አፈሰሰ» የሚል ሰው «አሞኛል» እንዳለ ሰው ነው። የት? መቼ? እኔ ስልክ ላይ የምጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። ውሃው ከየትኛው ቦታ ነው የሚወርደው? የሚወርደውስ ሲሞቅ ብቻ ነው ወይስ ቀዝቅዞም አይቆምም? የሁለቱ መልስ በትክክል ከተነገረኝ፣ ቁልፍና ቴፍሎን ይዤ ልሂድ ወይስ «ይሄስ አልቆለታል» ልበል፣ ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳልወጣ አውቀዋለሁ።

የማወራው በየቤታችን ስለሚሰቀለው ባለ 30፣ ባለ 50 ወይም ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ከውጭ የምናየው ነጭ አካል ልብሱ ነው። ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ፎም አለ፤ በፎሙ ውስጥ ደግሞ ውሃውን የተሸከመው የብረት በርሜል። ከታች ሁለት ቧንቧ ይገጠምበታል፤ ሰማያዊ ምልክት ያለው ቀዝቃዛውን ያስገባል፣ ቀዩ ሙቁን ያወጣል። በታችኛው የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና ሽቦዎቹ አሉ። በርሜሉ ጎኑ ላይ ቢበሳ ውሃው በፎሙ ውስጥ ለውስጥ ተንሸራቶ ታች በክዳኑ በኩል ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ ውሃ የታየበት ቦታ ሁሉ ውሃ የወጣበት ቦታ ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

አሁን ወደዚያች የናስ ቫልቭ እንመለስ። ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች፤ ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ትገጠማለች፤ በጎኗ ትንሽ አፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም የምትነሳ እጀታ አላት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 75 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በ2.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 50 ሊትር የነበረው 51 ሊትር ከሩብ ሆነ ማለት ነው። የብረት በርሜል ደግሞ እንደ ፊኛ አይለጠጥም። ቫልቯ ውስጥ ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚያግድ ምላስ ስላለ ትርፉ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ፣ በብዙዎቹ ላይ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ፣ ውስጧ ያለው ስፕሪንግ ይሸነፍና ትርፉን በጎኗ ታንጠባጥበዋለች።

ካላመናችሁኝ አንድ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ከሥሯ አንጠልጥሉ። ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ በደንብ እስኪሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ መሃል ማንም ሙቅ ውሃ ካልከፈተ ሃይላንዱ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ያልሞላ ውሃ ታገኛላችሁ። ባለ 80 ከሆነ 2 ሊትር ይጠጋል። ይህ ብልሽት አይደለም። መፍትሔው ከቫልቯ አፍ ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ መውረጃው መምራት ነው። ቱቦው ወደ ታች ያዘንብል፣ ጫፉም ክፍት ይሁን። ስንቱ ቤት በዚች ቱቦ እጦት ግድግዳው ሻግቶ አይቻለሁ።

ነገሩ የሚቀየረው ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃውም ቀዝቅዞ ጠብታው አልቆም ሲል ነው። ያኔ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከቀናት በኋላ ውሃ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ጠላ የመሰለ ውሃ ያወርዳል። በዚያ ውሃ ውስጥ ካለው አሸዋ አንዲት ፍሬ ቫልቯ በምትዘጋበት ጎማ ላይ ከተቀመጠች በቃ፣ አትገጥምም። እጀታዋን ሁለት ሦስቴ አንስታችሁ ውሃው በኃይል እንዲያጥባት ብታደርጉ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የሚወጣው ሊያቃጥል ስለሚችል ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ አድርጉት። በወር አንዴ ይህን ማድረግ ቫልቯ በኖራ ተጣብቃ እንዳትቀርም ይረዳል። ታጥባም ካልቆመች ቀይሯት፤ ከቦይለሩ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ምንም ነው።

ሁለተኛው ከመስመር የሚመጣው ግፊት ነው፤ የእኛን አገር መሬት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃ በ10 ሜትር ቁልቁለት 1 ባር ገደማ ግፊት ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። ከደሴ ሐረጎን አቋርጦ ኮምቦልቻ ድረስ መሃሉ ላይ ምንም የማይቋረጥ አንድ ቧንቧ ቢዘረጋ፣ ታች ያለው ቆሞ የሚጠብቅ ውሃ 65 ባር አካባቢ ግፊት ይኖረው ነበር። የትኛውም የቤት ቧንቧ አይችለውም። እንዲህ ያለ መስመር የለም፤ ግን የዚህ ትንሽ ወንድም በየሰፈራችን አለ። ማጠራቀሚያው በጦሳ ተራራ ወገብ፣ ቤታችሁ 50 ሜትር ከሥሩ ከሆነ፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ቧንቧ ሲዘጋ 5 ባር በራችሁ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚሞቀው ውሃ መስፋት ሲጨመር ቫልቯ ሌሊቱን ሙሉ ብታለቅስ ምን ይገርማል? «ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ብቻ ያፈሳል» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ከቁልቁለቱ ሥር ያሉ ናቸው። መድኃኒቱ ከውሃ ቆጣሪው ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ መግጠም ነው። አለዚያም ቦይለሩን ከመስመሩ ማላቀቅና ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ማጠጣት። ሮቶው ከቦይለሩ 4 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ነው። ሻወሩ ትንሽ ይለግማል እንጂ ቦይለሩ ዕድሜውን ያራዝማል። እኔ ሮቶውን እመርጣለሁ፤ ጭቃውም ሮቶው ሥር ይዘቅጥና ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ ንጹሕ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳታደርጉ። ኮምቦልቻ አንድ ሐጂ ቤት ለሌላ ሥራ ሄጄ የቦይለሩን ቫልቭ ሳይ አፏ ላይ ፌስታል የተጠቀለለበት እንጨት ተሰክቷል። «ሐጂ፣ ይህን ማን ሰካው?» ብላቸው «አንድ ልጅ ነው፤ ባለሙያ ነው፤ ወላሂ ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ዋናውን ብሬከር እስካወርድ ድረስ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ማሞቂያው አልጠፋ ቢል ውሃው ከመፍላት አልፎ ይሄዳል። ግፊት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪን አልፎም ውሃ ሆኖ ይቆያል። በርሜሉ የተቀደደ ዕለት ግን ግፊቱ በአንዴ ይጠፋና ከፊሉ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በባሕር ጠለል ላይ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ አየሩ በሳሳበት በደሴ ከፍታማ ከ2,000 ሊትር በላይ። ይህ ግድግዳ ይጥላል። ያ እንጨት የተሰካው ቦምብ ላይ ነው። ከቫልቯ የሚወርደው ጠብታ ሳይሆን የፈላ ውሃ ከሆነ፣ ቦይለሩም ውስጥ ለውስጥ ሲንተከተክ ከተሰማ፣ አጠገቡ ቆማችሁ አትመራመሩ፤ ከመብራት ቆጣሪው ላይ አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ራቁ።

ወደ ቀላሉ እንሂድ። ውሃው የሚታየው ቧንቧዎቹ ከቦይለሩ ጋር በሚገናኙበት ጥርስ ላይ ከሆነ ችግሩ መጋጠሚያው ነው። ቴፍሎኑ አንሶ ወይም ወደ ተቃራኒ ተጠምጥሞ ይሆናል። ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው ማገናኛ ቱቦ) ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ደርቃም ይሆናል፤ የሙቁ በኩል ሁልጊዜም ቀድማ ትደርቃለች። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ፒፒአር የምንለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲሞቅ እንደሚረዝም ነው፤ የ3 ሜትር ቧንቧ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። መፈናፈኛ ሳይተውለት ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጥርሱን ይገፋል፣ ይጎትታል። እንዲህ ያለውን በማጥበቅ ብቻ አታስቆሙትም፤ የናሱ ጥርስ የሚሰነጠቀውም «ትንሽ ልጨምርበት» ሲባል ነው። ለሙቁ መስመር ወፍራሙን፣ ለሙቅ ውሃ የተሠራውን ፒፒአር ግዙ።

ክብደቱንም አትርሱ። ባለ 80 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ከነብረቱ 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁ ማለት ነው። ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ላይ በሁለት ፊሸር ብቻ ከተያዘ ቀስ በቀስ ያዘነብላል፤ ባዘነበለ ቁጥርም ጭነቱ ወደ ቧንቧዎቹ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሦስቴ የተጠገነ መጋጠሚያ ላይ ተጠርቼ ስመረምር ቦይለሩ በአንድ ጣት ያህል ከግድግዳው ለቅቆ አገኘሁት። ቧንቧው ምን ያድርግ?

ከታችኛው ክዳን የሚወርድ ውሃ የበለጠ ያሳስበኛል፤ እዚያ ኤሌክትሪክ አለና። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ፤ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አትቁሙ። ክዳኑ ሲከፈት ሬዚስታንሱ የተያዘበት ክብ ብረት ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ጓርኒሲዮን የምንላት ጎማ። ጎማዋ በሙቀት ብዛት ትደርቅና ትሰነጠቃለች፤ ያኔ ብሎኖቹ ዙሪያ ዝገትና ነጭ የኖራ መስመር ተጋግሮ ታያላችሁ። አዲስ ጎማ ትገባለች፣ ብሎኖቹ እንደ መኪና ጎማ በተቃራኒ በተቃራኒ ይጠብቃሉ፤ አለቀ። ሬዚስታንሱን ለማጠብ የከፈተ ሰው የድሮዋን ጎማ መልሶ ቢገጥም ግን ከሳምንት በኋላ ይጠራኛል። ሲሊኮን የቀቡትማ ከሦስት ቀን በኋላ።

ሬዚስታንሱ ራሱም ይበሳል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ተመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ቅርፊት ቦይለራችሁ ውስጥም አለ፤ ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ቅርፊቱ ሬዚስታንሱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ሲያቅተው ብረቱ ራሱን ያቃጥላል። ቦይለሩ ሲበራ ፈንዲሻ የሚፈነዳ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቅርፊቱና ዝቃጩ ሥር የታፈነ ውሃ እየፈላ ነው። ሬዚስታንሱ የተሰነጠቀ ዕለት ውሃው ውስጡ ይገባል፤ ሽቦው በሚታሰርበት ተርሚናል በኩልም ሊያንጠባጥብ ይችላል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ምልክት አለ፤ ሻወሩን ስትነኩ ይነዝራችኋል። «ትንሽ ነው የሚነዝረኝ» አይባልም። ግራውንድ በሌለው ቤት ውስጥ ያ ትንሽ መንዘር ሰው ይገድላል።

ፈረቃው እዚህም ሌላ ጣጣ አለው። የቫልቯ ምላስ ካረጀች፣ ወይም ቦይለሩ ያለ ሴፍቲ ቫልቭ ከተገጠመ፣ መስመሩ ሲደርቅ የበርሜሉ ውሃ በመግቢያው በኩል ወደ ታች ተመልሶ ይሸሻል። መብራት ሄዶ ይመጣል፤ ሬዚስታንሱ ባዶ በርሜል ውስጥ ይግላል። ቴርሞስታቱ ካላተረፈው ያኔውኑ ይቃጠላል። ውሃ በሌለበት ቀን ቦይለሩን አጥፉት የምለው ለመብራት ፍጆታው ብዬ አይደለም።

እንግዲህ የቀረው በርሜሉ ነው። የድሮ ሰው ቤት ያለውን የእናሜል ሳህን አስታውሱ፤ ነጩ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው። ወድቆ ቅቡ የተፈነቀለበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ ቀዳዳ። የአብዛኛው ቦይለር በርሜልም ውስጡ እንዲሁ እናሜል የተቀባ ተራ ብረት ነው፤ ቅቡም የትም ቦታ ፍጹም አይሆንም። ስለዚህ አምራቾቹ አንድ ብልሃት አበጁ፤ ውስጡ የማግኒዚየም ዘንግ ሰኩበት። ማግኒዚየም ከብረት ቀድሞ የሚበላ ማዕድን ነው፤ ውሃው ብረቱን ሊበላ ሲመጣ ዘንጉ ራሱን ያስበላል። የብረቱ ቤዛ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ቤዛውም ያልቃል። አዲስ ሲሆን እንደ አውራ ጣት የወፈረው ዘንግ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስታወጡት መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ብቻ ትቀራለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተራው የበርሜሉ ነው። በየአንድ ሁለት ዓመቱ ከፍቶ ማየት፣ ካለቀም መቀየር በቂ ነው፤ ሬዚስታንሱ በሚታጠብበት ዕለት አብሮ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዬ «ዘንጉን እይልኝ» ብሎ የጠራኝ ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

በርሜሉ ተበስቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ቫልቯ ደረቅ፣ መጋጠሚያዎቹ ደረቅ፣ ጓርኒሲዮኗም አዲስ ሆና ውሃው በነጩ ልብስ ስፌት በኩል ወይም በክዳኑ ዙሪያ ዝገት ይዞ ከወረደ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ካልቆመ፣ እሱ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ብየዳ ቤት ይሮጣል። አታድርጉት እላለሁ። የብየዳው እሳት ከውጭ ቀዳዳውን ሲደፍን ከውስጥ ዙሪያውን ያለውን እናሜል ያረግፈዋል፤ አንድ ቀዳዳ ደፍናችሁ ለሦስት ቀዳዳ መንገድ ከፈታችሁ ማለት ነው። ፎሙም በእሳት ተያይዞ መጥፎ ጭስ ያወጣል። ለተበሳ በርሜል ገንዘብ አታውጡ፤ አዲሱን ግዙና ከመሰቀሉ በፊት ዘንጉ በየት በኩል እንደሚወጣ አሳዩኝ በሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አያፈስም። የደሴ ጠዋት ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ መታጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ሳለ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ ቧንቧው ከውጭ ያልበዋል፤ ላቡም ይንጠባጠባል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ በር ክፈቱና እንፋሎቱ ይውጣ። ካልተመለሰ ላብ ነበር።

እውነተኛ መፍሰስ ሆኖ ባለሙያ እስኪመጣ ምን ይደረግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ብሬከር፣ ቀጥሎ የቀዝቃዛው መግቢያ መዝጊያ፣ ቀጥሎ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ማስተንፈስ። ውሃውን ማራገፍ ካስፈለገ የሙቁ ቧንቧ እንደተከፈተ የቫልቯን እጀታ አንስታችሁ በቱቦ ወደ ባልዲ አውርዱት፤ መጀመሪያ ግን ይቀዝቅዝ። ጥገናው አልቆ መልሳችሁ ስትሞሉ የሙቁን ቧንቧ ክፍት ተዉት። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ሳይቆራረጥ ከመውረዱ በፊት ብሬከሩን የሚነካ እጅ እንዳይኖር ልጆቹንም ጭምር አስጠንቅቁ፤ የገዛሁትን አዲስ ሬዚስታንስ በዚያው ቀን ያቃጠለብኝ አንድ ጎረምሳ «መብራቱ ጠፍቶ መስሎኝ» ብሎኛል።